መኪና የሚችል ሰው

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ስታነሣ መኪናዋ ዘለለች።

ለማቆም ነበር ያነሣችው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እግሯን ባነሣች ቁጥር የምትቆምላት መኪና ነበረቻት፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ፣ ክሩ እንደተወጠረ፣ ጸጥ። ይህችኛዋ ግን የሆስፒታሉን ግቢ ሰንጥቃ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ በጥሳ፣ ሁለት እርጥብ አንሶላ እንደተከናነበች ከውሃ በርሜሉ ጋር ተላተመች። በርሜሉ ተገለበጠ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ።

አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ ሹፌር፣ በእንጨት ተደግፎ የታሰረ ቀኝ ክንዱን በግራው አቅፎ፣ ሕመሙ እስኪያልፍለት ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። የሆስፒታሉ ሰዎች «አባ ጭስ» ነበር የሚሉት። መኪናዋ ከጦርነቱ በፊት የተሠራች፣ ባለፈችበት ሁሉ ጭሷን ጥላ የምትሄድ አሮጌ ስለነበረች፣ የእሷን ጠባይ ለእሱ ስም አድርገው ሰጥተውት ነው።

«እትዬ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እግር ሲነሣ ነው የምትሮጠው። ስትረግጫት ትዘገያለች።»

«ምን ዓይነት የተገለበጠ ነገር ነው?»

«የተገለበጠውስ ዘመኑ ነው። እሷ ድሮም እንዲህ ናት።»

ከኋላው ወንበር ላይ፣ ዓይኑ በፋሻ የተሸፈነው መድፈኛ ምን እንደተመታ ጠየቀ። በርሜል መሆኑ ሲነገረው፣ ከጠላት ወገን ከሆነ ይመዝገብላት አለ።

ከጎኑ የተጋደመው ወንድሟ አልሳቀም። ሃያ ዓመቱ ነው። ከአራት ቀን በፊት የመድፍ ፍንጣሪ ጉልበቱን ፈጭቶት መጣ። ከትናንት ጀምሮ ከጉልበቱ በታች ያለው ጠቁሮ መሽተት ጀምሯል። የሚያክመው ቀዶ ሐኪም ከነመሣሪያው ወንዙን ተሻግሯል። ድልድዩ ደግሞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይፈርሳል፤ ትእዛዙ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው በር ላይ ተለጥፏል። አሁን ስምንት ሰዓት ነው። እስከ ድልድዩ ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር አለ።

ስለዚያ ማፈግፈግ የጻፉ መኰንኖች ሁሉ «በሥርዓት» የምትለዋን ቃል አይረሱም። በሥርዓት ተነሣን፣ በሥርዓት ተሻገርን ይላሉ። ሥርዓቱ ይህ ነበር፦ ለቁስለኞች የታዘዙት ሦስት አዳዲስ የጭነት መኪኖች የሆስፒታሉን አዛዥ ሻለቃ ቁም ሣጥን፣ የሻለቃውን ምንጣፍና የሻለቃውን ሚስት ባለ ሦስት ገጽ መስታወት ጭነው ትናንት ሄዱ። ይመለሳሉ ተባለ። አልተመለሱም። ጋሪውና በቅሎው ለሻለቃው ጸሐፊዎችና ለጸሐፊዎቹ ወንበሮች ሆነ። መስታወት ሲሰበር የሚያዝኑ፣ አጥንት ሲሰበር ግን «የጦርነት ነገር» ብለው የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ፤ ኋላም ሜዳይ የተሸለሙት እነሱው ናቸው።

መራመድ ያልቻለውን ቁስለኛ ያመላለሰው አባ ጭስ ነው፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት፣ በዚህች አሮጌ መኪና፣ ሁለት ሁለት ሰው እየጫነ። ዛሬ ጠዋት ለመጨረሻው ጉዞ ሞተሩን ሊያስነሣ ወረደ። ሞተሩ የሚነሣው ፊት ለፊት በሚሰካ ጠማማ ብረት ተዘውሮ ነው። ከመዘወሩ በፊት በመሪው ሥር በግራ በኩል ያለችው የእሳት ዘንግ ወደ ላይ መመለስ አለባት፤ አለዚያ እሳቱ ይቀድምና ብረቱን በተቃራኒው ያሽከረክረዋል። ሠላሳ ዓመት ያልረሳትን ዘንግ፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ረሳት። ብረቱ ተመልሶ ክንዱን ሁለት ቦታ ሰበረው። በአንድ እጄ እነዳለሁ ብሎ ሞከረ፤ የበሩን ምሰሶ ገጨና የእጅ ፍሬኑ ዘንግ ከሥሩ ተቀነጠሰ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁስለኞች እንዲያሳፍር የቀረው አስር አለቃ ብቻ ነበር። አባ ጭስም «መኪና የሚችል ሰው ፈልግልኝ» ብሎ ላከው።

ነገሩ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አስር አለቃው ባዶውን ከተማ ዞሮ፣ ሰው ቢያጣ ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ገባ። ሴቶቹ ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ነበር። ከእናንተ መሐል መኪና የሚችል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ወንድሟ ከገባ ጀምሮ ከእሱ ላለመራቅ እዚያ አንሶላ ስትጠግን የሰነበተችው ሰፊዋ እጇን አነሣች። የቃሬዛ ሸራ የሚሰፋ ነው የመሰላት።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ዐሥራ ስምንት ዓመት።»

«የማንን መኪና?»

«የራሴን ነዋ።»

አስር አለቃው የራሷ መኪና ያላት ሴት አይቶ አያውቅም። እጁ ሳያስበው ወደ ቆቡ ሄደ። «ስትበላሽስ ማን ይጠግንልሻል?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔው ነኛ። ዘይቱንም እኔው ነኝ የማጠጣት።»

እንደ ባለሥልጣን አጅቦ አመጣት። ግቢው መሐል ደርሳ የስፌት መኪናው የት አለ ብላ ዙሪያዋን ስትቃኝ፣ አባ ጭስ ነገሩ ገባውና ክንዱ እስኪያስጮኸው ድረስ ሳቀ። አስር አለቃው አልሳቀም። ለምን ዋሸሽ ብሎ ተቆጣ። እሷም መኪና አላልክም ወይ፣ እኔ ሌላ ምን ልበል ብላ ተቆጣች። በዚህ ላይ እያሉ ወንድሟን ኋላው ወንበር ላይ አየችውና ድምፅዋ ወረደ። የሚነዳ ካልተገኘ እነዚህ ምን ይሆናሉ ብላ ጠየቀች። አስር አለቃው መሬት መሬት አየ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ተኝተው የቀሩት ቁስለኞች ምን እንደተደረጉ ሁሉም ሰው ሰምቷል።

«እንግዲያው አሳዩኝ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች።

ፔዳሎቹ ሦስት ናቸው። የግራው እስከ ታች ሲረገጥ መኪናዋ በዝግታ ትሄዳለች፤ ሲለቀቅ ትሮጣለች፤ ግማሽ ላይ ሲያዝ ሞተሩ እየሠራ ባለችበት ትቆያለች። የመሐሉ ወደ ኋላ ይወስዳል። የቀኙ ፍሬን ነው። ነዳጅ በእግር አይሰጥም፤ በመሪው ሥር በቀኝ በኩል ጣት የምታህል ዘንግ አለች፣ እሷ ወደ ታች ስትሳብ ሞተሩ ይጮኻል። የእጅ ፍሬኑ ቢኖር ኖሮ ያን ግማሽ እሱ ይይዘው ነበር። አሁን የሚይዘው የሰው እግር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አባ ጭስ ሦስት ጊዜ ነገራት። ሰፊዋ ሦስቱንም ጊዜ አንድም ቃል ሳታስቀር መለሰችለት። እግሯ ግን አልሰማም። አስር አለቃው ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር፣ ስትደነግጥ እግሯን ታነሣለች፤ መኪናዋ ትዘላለች። መኪናዋ ስትዘል ቀኝ እጇ ይወረወራል፤ የስፌት መኪና በድንገት የሚቆመው በቀኝ በኩል ያለችው መሽከርከሪያ በመዳፍ ስትያዝ ነውና። እዚህ ግን እጇ የሚያገኘው የነዳጁን ዘንግ ነው። ስለዚህ ለማቆም የምታደርገው ሁሉ ማስሮጫ ሆነባት። አንዴ ግድግዳ፣ አንዴ የእንጨት ክምር ገጨች። በሦስተኛው ወንድሟ ጮኸ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ የቆቡን ጫፍ ነከሰ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሰፊዋ መሪው ላይ ተደፍታ እጇን ጥርሷ ውስጥ ከተተች። አባ ጭስ ተነሺ አላላትም፤ አይዞሽም አላላትም።

«በመኪናሽ ስስ ጨርቅ ስትሰፊ» አለ፣ «ክሩን ምን ያህል ነው የምትወጥሪው?»

«ሳይላላ፣ ሳይበጠስ።»

«በምን ታውቂዋለሽ?»

«በምን ይታወቃል? በእጅ ነዋ። እጄ ያውቀዋል።»

«ግማሹም እንደዚያ ነው። ሳይላላ፣ ሳይበጠስ። እኔ ልነግርሽ አልችልም።»

ቀና አለች። ጫማዋን አውልቃ ወደ ኋላ ወረወረችው፤ መድፈኛው ደረት ላይ አረፈ። በባዶ እግሯ የግራውን ፔዳል ቀስ አድርጋ ስትጫን ብረቱ ውስጥ ለውስጥ የሚንቀጠቀጠው ነገር ተሰማት፤ ከታች ሲይዝ፣ ከላይ ሲይዝ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሁሉንም ሲለቅ። እዚያች የምትለቅበት ቦታ ላይ እግሯን አቆመች። ሞተሩ ይሠራል፤ መኪናዋ ቆማለች። ቀኝ እጇንም ሥራ እንዲያጣ መሪውን አጥብቃ አስያዘችው። ነዳጁን አባ ጭስ በደህና ግራ እጁ ይሰጥላታል። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች፤ ሁለተኛ ዞረች። ሦስተኛ ለመዞር ጊዜ አልነበረም።

አስር አለቃው ከበሩ ሥር ባለው መርገጫ ላይ ተንጠላጥሎ ወጡ። መንገዱ በሕዝብ ተሞልቷል፤ ሸክሙን ያነገተ፣ ሽማግሌ ያዘለ። መኪና ሲሰሙ ዞረው ይራገማሉ፤ አንዱ ድንጋይ ወርውሮ መብራቱን ሰበረ። አልተሳሳቱም። ትናንት በትልልቆቹ መኪኖች ሲያልፍ ያዩት ቁም ሣጥንና ምንጣፍ ነበር። ቀርበው በባዶ እግሯ የምትነዳ፣ ከንፈሯን የነከሰች ሴት ሲያዩ ግን እርግማኑን ትተው መንገድ ለቀቁላት። መድፈኛው ከኋላ ሆኖ የማያየውን መንገድ ይመራ ነበር። የእኔ ዓይን ታስሯል፣ የሹፌሩ እጅ ተሰብሯል፣ የዚህ ልጅ እግር አይሠራም፣ ነጂዋ መንዳት አትችልም፤ ስንደመር ግን አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣናል ብሎ አስር አለቃውን አሳቀው።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ያለበት ዳገት ሥር ደረሱ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቅንታ ጥቂት እንደሄደች ሞተሩ ተንተባትቦ ጠፋ። ሰፊዋ ፍሬኑን ረገጠች፤ አስር አለቃው ወርዶ ድንጋይ ከጎማው ሥር ከተተ። እንደገና አስነሡ። እንደገና ጠፋ።

አባ ጭስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ነዳጁ የቀረው ጥቂት መሆኑን፣ ከወንበሩ ሥር ካለው ማጠራቀሚያ ወደ ሞተሩ የሚደርሰውም ቁልቁል ሲፈስ ብቻ እንደሆነ ነገራት፤ አፍንጫዋ ሲነሣ ነዳጁ ሽቅብ አይሄድም።

«እና ምን ይሻላል?»

«አዙሪያት። በኋላዋ ትወጣለች።»

ቁልቁል ለቀቋትና ሜዳው ላይ አዞሩአት። ወደ ኋላ ለመሄድ ግራ እግሯ ግማሹን ይዞ መቆየት አለበት፤ ቀኝ እግሯ የመሐሉን ይረግጣል። ለፍሬን የሚተርፍ እግር የለም። ሰፊዋ አንገቷን ጠምዝዛ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ እያየች መውጣት ጀመረች። መኪናዋ እያቃሰተች፣ እየጨሰች፣ ግን ሳትጠፋ ወጣች።

ወደ ኋላ ስታይ መንገዱና ወንድሟ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። አራት ቀን ሙሉ ዓይኗን ሲሸሽ የሰነበተው ልጅ አሁን መሸሻ አጣ።

«እታለም» አለ፣ «እዚያ ማዶ እኮ እግሬን ሊቆርጡት ነው።»

«መጀመሪያ ዳገቱን ልውጣ።»

«እምቢ ነው የምለው። ይዤው እሞታለሁ።»

 ያን ጊዜ አባ ጭስ ራሱን ስቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ እጁም ከነዳጁ ዘንግ ወረደ። ሞተሩ መዳከም ሲጀምር የራሷን ቀኝ እጅ ሰደደች፤ ቀኑን ሙሉ ያሳሳተቻትን ዘንግ ያዘችና ቀስ አድርጋ ሳበቻት። መኪናዋ የመጨረሻውን ዳገት ወጣች።

ድልድዩ አፍ ላይ ወታደሮች ሽቦ ይዘረጋሉ። አንድ ሻምበል መሐል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን አነሣ። ተሽከርካሪ ተከልክሏል፣ ፈንጂው ተጠምዷል፣ ከዚህ ወዲያ የሚያልፈው እግረኛ ብቻ ነው ብሎ ጮኸ። አስር አለቃው ቁስለኛ፣ ቁስለኛ እያለ መለሰለት። ሻምበሉ እጁን አላወረደም።

ኋላ የተጻፈው ሪፖርት «ሙያ የሌላት አንዲት ሴት መኪናዋን ማቆም ስላቃታት» ይላል። ውሸት ነው። ማቆም ታውቅ ነበር። መንገዱ እዚያ ሜዳ ነው፤ ቀኝ እግሯን ከመሐሉ አንሥታ ፍሬኑ ላይ ማሳረፍ ብቻ ይበቃት ነበር፤ ስንዝር ታህል መንገድ ናት። ሻምበሉን አየችው። የተቦረሸ ቆቡን፣ የተወለወለ ቁልፉን አየች። ትናንት ለመስታወት የወረደ እጅ ዛሬ ለሰው ሲነሣ አየች። እግሯን ከነበረበት አላነሣችውም፤ ነዳጁን ጨመረችበት። ሻምበሉ ዘሎ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ቆቡ ከጎማው ሥር ቀረ። የድልድዩ ሳንቃዎች እንደ ከበሮ እየተመቱ በጀርባቸው ተሻገሩ።

ማዶ ያለው የሐኪሙ ድንኳን ከድልድዩ ሦስት መቶ ሜትር አይርቅም። በጀርባዋ ግቢው ድረስ ገብታ ፍሬን ያዘች። ቆመች። አስር አለቃውና ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ወንድሟን ወደ ድንኳኑ፣ መድፈኛውን ወደ ጥላው፣ አባ ጭስንም እንደ ሬሳ ተሸክመው ወሰዱ። ሰፊዋ ልትወርድ ስትል ሞተሩ አሁንም እየሠራ መሆኑን አስተዋለች።

እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚሄድ፣ እንዴት እንደሚቆም ተምራለች። ሞተሩ እንዴት እንደሚጠፋ ግን ማንም አልነገራትም፤ ቀኑን ሙሉ ራሱ እየጠፋ ሲያስቸግራቸው ማን ይህን ያስባል። የእሳቱን ዘንግ ሞከረች፤ ነዳጁን እስከ ላይ መለሰች። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች መሥራቷን ቀጠለች። ግራ እግሯ ግማሹ ላይ ነው። ቀና ስትል ደግሞ ተሸካሚዎቹ፣ መኪናዋ ቆማለች ብለው፣ በአፍንጫዋ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ በቁስለኞች መሙላት ጀምረዋል። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ መሬት ላይ በረድፍ። አንሡአቸው ብላ ጮኸች። የሰማት የለም። እግሯን ብታነሣ መኪናዋ በእነሱ ላይ ነው የምትሮጠው፤ ወደ ኋላ እንዳትሄድም ከጀርባዋ ድንኳኑ አለ።

ድልድዩ ያን ጊዜ ፈነዳ። ከሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ ቀድሞ፤ ሻምበሉ ቸኩሎ ነበር፣ ዳገቱ ላይ የቀረውን እግረኛም የቆጠረው የለም። መሬቱ ተነሥቶ ወደቀ። በግቢው ያለ ጤነኛ ሁሉ በደረቱ ተኛ። የሰፊዋ እግር አልተነሣም።

አስር አለቃው ከድንኳኑ እየሮጠ ወጣ። እምቢ ብሏል አለ። ሐኪሙ መጋዙን ይዞ ቆሟል፣ ልጁ ግን እህቴ መጥታ እጄን ካልያዘች አላስነካም ብሏል፤ ሐኪሙም ጠረጴዛውን ለሌላ እሰጣለሁ እያለ ነው፣ በዓይኔ ፊት የሚሞት ሰው እያለ አልጠብቅም ብሏል። ውረጅ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ አላት።

እግሯን አሳየችው፤ ሞተሩን ማጥፋት እሱም አያውቅም። አስር አለቃው ድንጋይ ልደግፍ አለ፤ በርሜሉን አስታወሰችው። እንግዲያው እኔ ልርገጥልሽ አለ። ወፍራም ጫማውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ግማሹን በምን ታውቀዋለህ አለችው። ቁስለኞቹን ያንሡልኝ፤ ዐሥራ አራት ናቸው፣ ቆጥሬአቸዋለሁ አለችው። አስር አለቃው ወደ ድንኳኑ አየ። ያን የሚያህል ጊዜ አልነበረም።

ድንኳኑ ከመኪናዋ ዐሥር እርምጃ ነው። ሰፊዋ ወደ ሸራው ዞረች።

«ወንድምዓለም።»

ድምፅዋን ከሞተሩ በላይ ከፍ አደረገች።

«ስማኝ። እግሬን ካነሣሁ እዚህ የተኛ ሰው እገድላለሁ። አልመጣም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እናታችን አደራ ያለችኝ አንተን ነው፤ እግርህን አይደለም። ይቁረጡት።»

ከሸራው ወዲያ አንድ ዕቃ ወደቀ። አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ የወንድሟ ድምፅ መጣ፤ ልጅ ሳለ ቅጣቱን ለመቀበል በሩ ላይ ሲቆም የነበረው ድምፅ።

«እሺ፣ እታለም።»

ሰፊዋ ግራ እግሯን ካለበት ሳታነቃንቅ ቀኝ እጇን ወደ ነዳጁ ዘንግ ሰደደች። እስከ ታች ሳበችው። ሞተሩ ግቢውን ሁሉ እስኪያናውጥ ጮኸ፤ የመጋዙንም የልጁንም ድምፅ ዋጠላት፤ ጭሱ ድንኳኑን ሸፈነው። አጥፊው፣ አጥፊው እያሉ ከየአቅጣጫው ሮጡባት። ዓይኗን ጨፍና፣ ዘንጉን እስከ ታች እንደያዘች ቆየች።